የመድኃኒት ብዛት ሌላ በሽታ መስሎ ሲመጣ

(በእንጅባራ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር)



ይህች ከተማ ኮሶበር ስትባል የምታስታውሱ በመካከላችን ስላላችሁ ነገሬን ከኮሶ ልጀምር። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ አገር ኮሶ የኑሮ ክፍል ነበር። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ጠዋት በባዶ ሆድ ፊት ተጨማዶ ይጨለጣል። በየሁለት ወሩ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነበር። መድኃኒቱም ይሠራ ነበር፤ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ያወጣል። ዝናው ባሕር ተሻግሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች አበባውን ከአገራችን እያስመጡ ለሕመምተኞቻቸው ያዝዙት ነበር።

ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ኮሶ የሚለካው በእፍኝ ነው፤ እፍኝ ደግሞ እንደ ሰዉ እጅ ይለያያል። የአበባው ጉልበትም ትኩስነቱና አደራረቁ እንደሚያመጣው ይለያያል። ትሉ አልወጣ ያለው ሰው ይደግማል፣ ወይም አወፍሮ ይበጠብጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጽሑፍ ኮሶ በዝቶባቸው ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች ለሐኪሞች አስታወቀ። በ1980ዎቹም በጫጩቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ኮሶና የእንቆቆ ዘመድ የሆነ ተክል የዓይንን ብርሃን ተቀባይ ክፍል እንደሚጎዱ ታየ። ለሆድ ትል የተጠጣ ነገር ዓይን ያጠፋል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? ቤተሰብ ዓይኑ የጠፋውን ሰው ለዓይኑ ያሳክመዋል እንጂ ከትናንት በስቲያ የጠጣውን ኮሶ ለሐኪሙ አይነግርም። ለኮሶ ማርከሻ የለውም። ሆስፒታል የሚያደርገው ፈሳሽ መተካት፣ ልብንና ትንፋሽን መከታተል፣ ዓይንን መመርመር ነው። ዛሬ የኮሶ ትልን በታወቀ መጠን የሚያወጡ እንክብሎች ስላሉ፣ በእኔ አስተያየት ኮሶ ዛፉ ይከበር፣ ይተከል፤ አበባው ግን ከመጠጫችን ይውጣ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። መድኃኒት ሲበዛ ሕመሙ በመድኃኒቱ ስም አይመጣም። ሌላ በሽታ መስሎ፣ አንዳንዴም ርኩስ መንፈስ መስሎ፣ አንዳንዴም ምንም ያልሆነ መስሎ ይመጣል።

ርኩስ መንፈስ የሚመስለውን ላስቀድም። ፕላሲል የምንለው፣ ማስታወክን የሚያቆም መድኃኒት አለ። አንድ ልጅ አስመለሰውና እናቱ ለትልቅ ሰው ከታዘዘው እንክብል ቆርሳ ሰጠችው እንበል፤ አልቆም ሲለው ደግማ ሰጠችው። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ የልጁ አንገት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይጠመዘዛል። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነጩ ብቻ ይታያል። መንጋጋው ይቆለፋል፣ ምላሱ ይወጣል፣ ጀርባው እንደ ቀስት ይለጠጣል። ነፍሱን ግን አልሳተም፤ የምትሉትን ይሰማል፣ እንባው ይወርዳል። ያየ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ለክፎት ነው»፣ «ቡዳ ነው»።

ጠበሉን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የዚህን ሕመም ጠባይ እወቁት፤ ይመጣል፣ ይለቃል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ይተዋል። ስለዚህ በዚያ ቀን የተደረገለት ሁሉ ያዳነው ይመስላል። ሆስፒታል ከመጣ የጡንቻውን መኮማተር የሚፈታ መርፌ ይሰጠዋል፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንገቱ ይቃናል። ያን ሲያዩ የሚያለቅሱ እናቶች አሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ ያደርጋል። አንዳንድ ሰው ላይ በትክክለኛው መጠንም ይደርሳልና «ሐኪሙ ያዘዘውን ነው የሰጠሁት» ማለት ሕመሙን አያስቀረውም። ደግሞም መንጋጋ ቆልፎ የሚመጣ ሁሉ ፕላሲል አይደለም፤ ቴታነስ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው የሚመረምር ሰው ነው።

ስካርና እብደት የሚመስለው ደግሞ ከስኳር መድኃኒት ይመጣል። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ኪኒን ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ሰውዬው በልቷል ወይስ አልበላም ብሎ አይጠይቅም። በዐቢይ ጾም አንድ አባት ጠዋት ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ቅዳሴ ይቆማሉ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። የእንክብሉ ቁጥር አልበዛም፤ ምግቡ ጎደለ፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በዛባቸው። መጀመሪያ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ጠባያቸው ይለወጣል፤ በዕድሜያቸው ተሳድበው የማያውቁ ሰው ይሳደባሉ፣ ይደናቀፋሉ፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል። «አባባ ዛሬ ጾሙን አፈረሱ እንዴ? የት ጠጡ?» ይባላል። አንዳንዴ አንድ ጎናቸው ሰንፎ ስትሮክ ይመስላል። ጣት ተወግቶ ስኳር መለካት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ግሉኮስ በደም ሥር ሲገባ ሰውዬው «የት ነው ያለሁት?» ብለው ይነሳሉ። ነርቭን በሙሉ የሚያናጋ ነገር እንዲህ ቶሎ ሲመለስ ከማየት የሚበልጥ ደስታ በድንገተኛ ክፍል ጥቂት ነው።

ታዲያ ስህተቱ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውዬው ነቅተዋል፣ ጨዋታ ጀምረዋል፣ ቤተሰቡ «በሉ እንሂድ፣ መኪና ያመልጠናል» ይላል። ኪኒኑ ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ስኳሩ እንደገና ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ሌሊት ነው፣ ሰውዬውም ተኝተዋል፣ ማንም አያይም። ለዚህ ነው ቢያንስ 24 ሰዓት እናስተኛቸዋለን የምንለው፤ ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ከዚያም በላይ። ይህንኑ ኪኒን አንዲት የ2 ዓመት ልጅ አንዱን ብቻ ብትውጥ አደጋ ላይ ናት። ደኅና ብትመስልም ተኝታ ስኳሯ በየጊዜው ይለካል። የስኳር ሕመም ያለባችሁና የምትጾሙ፣ ከጾሙ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩና የኪኒኑን ሰዓትና መጠን አስተካክሉ፤ ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ምንም ያልሆነ ወደሚመስለው ልለፍ፤ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው።

ነፍሰ ጡር እናቶች ከጤና ጣቢያ የሚወስዱት የደም ማነስ መከላከያ ኪኒን እያንዳንዱ 60 ሚሊግራም ብረት አለው። ቀለሙ ያምራል፣ ሽፋኑ ይጣፍጣል፣ ልጅ ከረሜላ ይመስለዋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ልጁ 10 ኪሎ ነው። 10 ኪኒን ዋጠ፤ 600 ሚሊግራም ብረት፣ በኪሎ 60 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ መጠን ነው። በአንድ ወር ከሚሰጡት ኪኒኖች ሲሶው እንኳ አንድ ሕፃን ለመግደል ይበቃል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ልጁ ያስመልሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደም ሊኖረው ይችላል። እናት «ሆዱን ነው፣ የበላው ነገር ነው» ትላለች። ከዚያ ይተወዋል! ይጫወታል፣ ይጠባል። ይህ እፎይታ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን» ብሎ ያድራል። ብረቱ ግን በዚህ ጊዜ ከሆድ አልፎ ወደ ደምና ወደ ጉበት እየገባ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የደም ግፊት መውደቅና የጉበት መበላሸት ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ልጅ እንኳ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ማስመለስ ሊጀምር ይችላል፤ የቆሰለው የጨጓራ መውጫ ጠባሳ ሠርቶ ይጠባል። ያን ጊዜ የድሮውን ኪኒን ማን ያስታውሳል?

ለብረት ማርከሻ አለው፤ ዴስፈሪኦክሳሚን ይባላል። ብረቱን ይዞ በሽንት ያወጣዋል፣ የልጁ ሽንት ሲቀላ ሥራውን መጀመሩን እናውቃለን። ያልሟሙ ኪኒኖች በራጅ ሊታዩ ይችላሉ። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ ስለማይገኝ ሪፈር መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዳንግላ 80 ገደማ። ባሕር ዳር ያሉት ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች ለመድረስ ያለን ጊዜ ያ ልጁ የሚጫወትበት የእፎይታ ጊዜ ነው። ሲደክም ከጀመርን ዘግይተናል።

ፓራሲታሞልም እንደ ብረቱ ምንም ያልሆነ መስሎ የሚመጣ ነው። እገሌ ፓራሲታሞል በዝቶበት ሞተ ሲባል ሰዉ ይስቃል፤ ለራስ ምታት የሚዋጥ፣ በየሱቁ የሚሸጥ ነገር! ትልቅ ሰው በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ኪኒን ማለፍ የለበትም። ጥርሱ ያመመው ሰው ሌሊቱን በሙሉ ሁለት ሁለት እያደረገ ሲውጥ ያድራል፤ በላዩ ላይ የጉንፋን ኪኒን ይጨምራል፣ እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል መኖሩን አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ ብቻ ነው፣ ወይም ምንም የለም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሲቃዥ፣ ደሙ አልረጋ ሲል ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ነው፤ «የወፍ በሽታ» ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደውም ያኔ ነው። ጉበት ከፓራሲታሞል የሚወጣውን መርዝ የሚያከሽፍበት ክምችት አለው፤ መጠኑ ሲያልፍ ያ ክምችት ያልቅና መርዙ ጉበቱን ራሱን ይበላል። ኤን-አሴቲልሲስቴን የሚባለው ማርከሻ ያን ክምችት ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንድ ኤዲንብራ የሠሩ ሐኪሞች ያረጋገጡት ነው። ከተዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱ ሳይጎዳ የመዳን ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «አሁንማ ደኅና ነኝ» የሚለውን የሰውዬውን ቃል አትመኑ፤ የዋጠውን ቁጠሩና አምጡት።

ወባ ወደሚበዛባቸው ቆላዎቻችን፣ ወደ ጃዊና ወደ ጓንጓ፣ ለሥራ ወርዶ የሚመለስ ሰው ኪሱ ውስጥ የተረፈ ክሎሮኪን ይዞ ይመጣል። ክሎሮኪን መራራ ስለሆነ ልጅ አይደፍረውም ይባላል፤ ይደፍረዋል። ለ2 ዓመት ሕፃን አንድ ወይም ሁለት ኪኒን ሊገድል ይችላል፣ ያውም በሁለት ሰዓት ውስጥ። ትኩሳት የለም፣ ሐሞት ማስመለስ የለም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ልቡ ቀጥ ይላል። እዚህ ላይ የሕክምናው ታሪክ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1988 የፓሪስ ሐኪሞች ከባድ የክሎሮኪን መመረዝ የደረሰባቸውን 11 ሰዎች ወዲያው በመሣሪያ እያስተነፈሱ፣ አድሬናሊንና ከፍተኛ መጠን ያለው ዳያዜፓም ሰጧቸው፤ 10ሩ ዳኑ። ከዚያ በፊት በተለመደው መንገድ ከታከሙት 11 ሰዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ዳያዜፓም ለጭንቀትና ለመንቀጥቀጥ የምንሰጠው ነው።

ከዚህ የማይተናነሰው የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ነው። ሕፃን ብዙ ሲውጥ በግማሽ ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ማንዘፍዘፍ ይጀምረዋል፣ የተለመደው የሚጥል በሽታ መርፌ ሲሰጠውም አይቆምም። ይህ «የማይበገር ማንዘፍዘፍ» ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መኖሩን ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል? ማርከሻው ቫይታሚን ቢ6 ነው። የዋጠው በግራም ስንት እንደሆነ ከታወቀ ያንኑ ያህል ይሰጠዋል፤ ካልታወቀ ለትልቅ ሰው 5 ግራም። በመርፌ ካልተገኘ ባለ 50 ሚሊግራሙ ኪኒን 100 ተፈጭቶ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሰጣል። ተራ ቫይታሚን ነው፤ ለማርከሻ ሲሰጥ ግን በመቶ ተቆጥሮ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ለልብ የሚሰጠው ዲጎክሲን ሲበዛ ነገር ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የልብ ምት ይቀንሳል። የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ሲበዛ ጆሮ ይጮሃል፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። አስፕሪን የበዛበት ሕፃን ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የሳንባ ምች ይመስላል። ለእንቅልፍና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የበዛበት ሰው አስተናግር የበላ ይመስላል፤ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማል። ለእሱ ማርከሻው ልቡን የሚያስተካክል ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው።

ሆስፒታል ስትደርሱ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሐኪሙ ጨጓራ ባላጠበ ጊዜ «ምንም አላደረገለትም» ብሎ ይቀየማል። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ስኳር ይታያሉ፤ የልብ መስመር በኢሲጂ ይነበባል። ብሌን ይታያል፤ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ፣ ምራቁ የሚዝረበረብና የሚያልበው ሰው የእርሻ ኬሚካል ነክቶታል ብለን እንጠረጥራለን። እንደ ከሰል የደረቀው፣ ብሌኑ የሰፋው ደግሞ ሌላ ነው። ለቅማል ተብሎ ፀረ ተባይ ራሱ ላይ የተቀባ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። የጨጓራ እጥበት ዛሬ የሚደረገው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። በምትኩ የሚሰጠው ከሰል ነው።

አዎ፣ ከሰል። እናንተ የፋግታ ለኮማን የዲከረንስ ዛፍ አክስላችሁ አዲስ አበባ ድረስ የምትልኩ ሰዎች ናችሁና ይህ እንደሚያስቃችሁ አውቃለሁ። የሆስፒታሉ ከሰል ግን በልዩ ዘዴ ተዘጋጅቶ በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌለው ቀዳዳ የተፈጠረለት ዱቄት ነው፤ መርዙ እዚያ ቀዳዳ ላይ ይጣበቃል። በኪሎ 1 ግራም ይሰጣል፣ የሚጠቅመውም በአብዛኛው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ብረትን አይዝም፣ ነጭ ጋዝንም አይዝም። የምድጃውን ከሰል ፈጭታችሁ ለልጅ እንዳታጠጡ፤ ያ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ሌላ በሽታ ነው። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ የጨው ውሃ፣ ሳሙና ሁሉም ይቅር። ጉሮሮ ውስጥ ጣት አይከተት። እነዚህን ስታደርጉ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ነው የሚያስፈልገን።

እኛ ከናንተ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ። ማሸጊያውን፣ ብልቃጡን፣ ባዶ ቢሆን እንኳ፣ መሬት ላይ የወደቀውንም ለቅማችሁ አምጡ። ሁለት ልጆች አብረው ከነበሩ ሁለቱንም አምጡ፤ ልጅ ያገኘውን ይካፈላል። «የማን ኪኒን ነው? ማን አስቀመጠው?» የሚለው ጠብ መንገድ ላይ አይጀመር። ምራት አማቷን ፈርታ፣ ሠራተኛ አሠሪዋን ፈርታ «አላየሁም» ስትል የምንጎዳው ልጁን ነው። ሐኪሙ መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ልጁ ደኅና ነው ብለን ብናሳድረውም አትቆጡን፤ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ። መድኃኒቱ ራሱ ያልታሰበ ነገር ካመጣ ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 አሳውቁ።

የመጨረሻው ቃሌ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የፋርማሲ ባለሙያዎች ነው፤ ከዚህ ሁሉ ብዙው የሚጀመረው ከእናንተ መስኮት ነውና። የሕፃን ፓራሲታሞል በሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ነው፤ በጠብታ ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም። ከሽሮፕ 6 ሚሊ የለመደች እናት፣ ጠብታ ተሰጥቷት ያንኑ 6 ሚሊ ብትሰጥ ከአራት እጥፍ በላይ ሰጠች። የሾርባ ማንኪያም የሻይ ማንኪያ ሦስት እጥፍ ነው። መለኪያ ስሪንጅ ስጧት፣ መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉላት። ከገጠር የመጡት እናት አማርኛው የሚከብዳቸው ከሆነ በአውንጊኛ ንገሯቸው። ከዚያም «እስኪ እንዴት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ» በሏቸው፤ መልሰው በትክክል ሳይነግሯችሁ መድኃኒቱን ከመስኮቱ አታሳልፉ።